የጤና መድን ደብተር ለመንዝ አዛውንት፦ ያየሁት ጥሩውም፣ የጎደለውም

ስለ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ ቤተሰብ በየዓመቱ መዋጮ ከፍሎ ሲታመም በደብተሩ ስለሚታከምበት መድን፣ ሲነሳ ወጣቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካልታመምኩስ ብሬ የት ይገባል?» ብሎ ነው። አባባ ይህን ጥያቄ አንስተው አያውቁም። ሰማንያን እየተጠጉ ነው። ደም ግፊት አለባቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ አንድ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገብስ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ ስለሆኑ ጡረታ የላቸውም። እሳቸው መንዝ ናቸው፣ እኔ ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። የመድኑን ጉዳይ የምከታተለው እኔ ስለሆንኩ፣ እናት አባታቸው ገጠር ላሉ ሁሉ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መንዝን ለማያውቅ ሰው፦ አገሩ ደጋ ነው፤ መሐል ሜዳ ራሷ ከ3000 ሜትር በላይ ናት። ከደብረ ብርሃን ወጥታችሁ ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ትገነጠላላችሁ፣ ሞላሌን አልፋችሁ መሐል ሜዳ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ወዲያ ወደ ገጠሩ በእግር ወይም በበቅሎ ነው። ዙሪያው ገደል፣ ክረምቱ ጭቃ ነው። መንገድ በተዘጋባቸው ሰሞኖች ደግሞ አገሩ ደሴት ይሆናል። ለሽማግሌ ሰው ሕክምና ማለት እዚህ መጀመሪያ መንገድ ማለት ነው።

የመድኑን ጥሩ ጎን ላስቀድም። ዕድሜ አይጠይቅም። አንድ የግል ኢንሹራንስ ጋ ስለ አባባ ጠይቄ ነበር፤ ዕድሜያቸውን ስናገር ወሬው እዚያው አበቃ። የቀበሌው መድን ግን ስንት ዓመትህ ነው፣ ድሮ ምን ያምህ ነበር ብሎ መዋጮ አይጨምርም። ደም ግፊት ያለበትም የሌለበትም እኩል ይመዘገባል። ለአዛውንት ከዚህ የበለጠ ነገር አላውቅም። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ። ወደ እኛ የደረሰው ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ አባባ «እንደው አንቺ ልጅ፣ በሽታን በብር ልንጠራው ነው?» ብለውኝ ነበር። አሁን ግን ደብተሩን ከግብር ደረሰኛቸው ጋር አንድ ላይ ነው የሚያስቀምጡት።

ምዝገባው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በመድኑ አሠራር ቤተሰብ የሚባለው ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። አባት ወይም እናት ልጃቸው ቤት ቢኖሩም በራሳቸው ወይ ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎላቸው ካልገቡ አይታከሙም። «የልጄ ደብተር አለ» ብለው ጤና ጣቢያ ሄደው የሚመለሱ አዛውንቶች አሉ። ስማቸውና ፎቷቸው መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። መዋጮው እንደየወረዳው፣ እንደ ቤተሰብ ብዛትና እንደ አቅም ይለያያል፣ በየጊዜውም ይከለሳል፤ የአምናውን ዋጋ ይዛችሁ አትሂዱ። መክፈል ለማይችሉት ደግሞ መንግሥት ይከፍልላቸዋል። የድሃ ድሃ ተብለው የሚለዩት በቀበሌው ነው። ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌ ወይም ባልቴት ጎረቤት ካሏችሁ፣ ልየታው ሲካሄድ ስማቸውን የሚያነሳ ሰው ይኑር። እነሱ ስብሰባ ላይ እጅ አውጥተው «እኔ ድሃ ነኝ» አይሉም። ያሳፍራቸዋል።

ወደ አገልግሎቱ ልምጣ። ጤና ጣቢያ ላይ ካርድ፣ ምርመራና ላቦራቶሪ ደብተሩን አሳይቶ ነው፣ ከኪስ የሚወጣ የለም። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደግሞ በሰፈሩ ስታልፍ የአባባን ግፊት ለክታ ትሄዳለች። ከፍ ካለ ለእኔ ትደውላለች። ይህች ልጅ ባትኖር እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ነው። ሐኪሙ አምሎዲፒን ያዝዛል፣ መስኮቷ ላይ «የለም» ይባላል። ስሙን በማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ ይህ አንዴ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። የግፊት መድኃኒት በየቀኑ የሚወሰድ ነው። «ሲመጣ እንደውላለን» የሚባልበት ዕቃ አይደለም። እንዲህ ሲሆን በእኛ ወረዳ አሠራሩ ይህ ነው፦ ማዘዣው ላይ መድኃኒቱ እንደሌለ ያስጽፉና ማኅተም ያስመቱ፣ ከውጭ በሕጋዊ ደረሰኝ ይግዙ፣ ከዚያ ሁለቱን አያይዘው ገንዘቡን ይጠይቁ። ገንዘቡ ይመለሳል፣ ግን ይቆያል። አሁን ይህን ሁሉ ማን ይሩጥ? ማንበብ የማይችሉ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው ሰው ከመስኮት መስኮት ሊመላለሱ ነው? እኔ ላይ የሚከብደኝ ይህ ነው። መድኑ ሲሠራ የታሰበው ሮጦ የሚያስፈጽም ጎልማሳ ነው። አብዝቶ የሚታመመው ግን ሽማግሌው ነው።

ሪፈርም እንደዚሁ ነው። በደረጃው ነው የሚሄደው፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ከፍተኛው። ወረቀቱን ሳይዙ ዘለው ቢሄዱ ወጪው ወደ ኪስ ይዞራል። ለአባባ ሪፈር የተጻፈው ደብረ ብርሃን ሐኪም ግዛው ሆስፒታል ነበር። እዚያ ያገኘናቸው ሐኪም መድኃኒት ከመጨመራቸው በፊት ስለ ምግባቸው ጠየቋቸው። አባባ ቡና የሚጠጡት በጨው ነው፣ እንደ አገሩ። ሐኪሙ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም። ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ጨው ግፊትን እንዴት እንደሚያባብስ በእርጋታ አስረዷቸው። አባባ እኔ ስነግራቸው ያልሰሙትን ከእሳቸው ሰሙ። ዛሬ ቡናቸውን ያለ ጨው ይጠጣሉ፤ ፊታቸው ባይፈታም ይጠጣሉ።

የዚያን ጊዜ ሕክምናው በመድን አለቀ። ግን መድኑ ለመኪና አይከፍልም። ለማደሪያ አይከፍልም። አብሮ ለሚመጣ ሰው ምግብ አይከፍልም። አባባ እኔ ቤት አደሩ፤ ደብረ ብርሃን ዘመድ የሌለውስ? ለአንዳንዱ አዛውንት ከሕክምናው ይልቅ የመንገዱና የማደሪያው ወጪ ይከብዳል፤ በዚህ ምክንያት ሪፈሩን ትራስ ስር አድርገው ቤታቸው የሚቀሩ አሉ። መነጽርም ከኪስ ነው፣ አስቀድማችሁ እወቁት።

የአባባ ጎረቤት የሆኑ አንዲት እናት አሉ። ልጅ የላቸውም። የድሃ ድሃ ተብለው ደብተሩ በነጻ ተሰጥቷቸዋል። እግራቸው ግን ጤና ጣቢያው ድረስ አያደርሳቸውም። ባለፈው ሲብስባቸው የሰፈሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዷቸው። እግዜር ይስጣቸው። ግን ክትትል በቃሬዛ አይቻልም፤ በየወሩ ማን ይሸከማል?

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ግቡ። እናት አባታችሁን አስገቡ፣ ሳታመነቱ። እኔ በየዓመቱ አሳድሳለሁ፣ ወደፊትም አሳድሳለሁ። ነገር ግን ደብተሩን ሰጥታችሁ አትሂዱ፤ ወረቀቱን የሚከታተል አንድ ሰው ሰይሙ፣ ልጅም ይሁን የልጅ ልጅ። የደብተሩን ፎቶ፣ የማዘዣውን ፎቶ፣ የደረሰኙን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙ። ምዝገባና እድሳት ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። በእኛ በኩል አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እህሉ ተወቅቶ ገበሬው እጁ ላይ ብር ሲኖረው ነው። ካለፈ አለፈ፤ የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ነው።

መድኑን ለሚያስተዳድሩት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ግፊትና ስኳር ላለባቸው አዛውንቶች፣ በሽታቸው ከተረጋጋ፣ የሁለት የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ ይሰጥልን። ከቻላችሁም በጤና ኤክስቴንሽኗ እጅ ቤታቸው ድረስ ይላክላቸው። እሷ መንገዱን ታውቀዋለች፣ ቤቶቹንም ታውቃቸዋለች።