ሐዋሳ ላይ ያየሁት የሴቶች የሽልማት ምሽት

ቅዳሜ ማታ ሐዋሳ ላይ የሴቶች የሽልማት ምሽት ነበር፣ ሄጄ አየሁት። በጣም ወደድኩት። በተለይ የተሸላሚዎቹን ምርጫ። አዋላጅ ነርስ፣ የወተት ማኅበር የምትመራ እናት፣ የእንሰት መፋቂያ ማሽን የሠራች ወጣት መሐንዲስ ተራ በተራ እየወጡ ስለ ሥራቸው በራሳቸው አንደበት አወሩ። እንሰት መፋቅ በደቡብ የሴቶች ሥራ ነው፣ ወገብ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ማሽኑ ሲታይ አዳራሹ ብድግ ብሎ ቢያጨበጭብ አይገርምም።

ቦጋለች ገብሬም ታስበዋል። ከምባታ ላይ በ1997 እ.ኤ.አ. ከእህታቸው ጋር ባቋቋሙት ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትን የታገሉ፣ በ2013 የንጉሥ ቦድዊንን ሽልማት ብራስልስ ድረስ ሄደው የተቀበሉ ሴት ናቸው። ስማቸው ሲጠራ እንባዬ መጣ።

ያልወደድኩት? የባለሥልጣናት ንግግር በዛ። ደግሞ የሕፃናት ማቆያ የለም! ስለ እኩልነት በሚወራበት ምሽት እናቶች የሚያለቅስ ልጅ ይዘው ኮሪደር ላይ መቆም አልነበረባቸውም። አንድ ክፍል፣ ሁለት ሞግዚት ይበቃ ነበር፣ አዘጋጆቹ እባካችሁ ለከርሞ አስቡበት።

ድምፁ ጥርት ያለ ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም ነበረች። እራት ላይ ክትፎው በቆጮ ግሩም ነው፣ ዓሣው ግን ቀዝቅዞ ነው የደረሰን። መግቢያው ነፃ ነበር፣ ለከርሞ ወንዶችም ኑ፣ ወንበር ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም በሉ።