ሎንግቦው፣ ተገጣጣሚ ሪከርቭ ወይስ የፈረሰኛ ቀስት? ለባህላዊ ቀስት ገዢዎች

ኮምፓውንድ የሚባለው ባለ መዘውር ቀስት በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ማንም ቀስቱን «ባህላዊ» ብሎ መለየት አላስፈለገውም። ዛሬም ሻጭ ቃሉን ሲጠቀም መዘውር፣ ማነጣጠሪያና ማረጋጊያ ዘንግ የለውም ማለቱ ነው እንጂ ሙሉ በሙሉ እንጨት ነው ማለቱ አይደለም። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ክንፋቸው (ከእጀታው በላይና በታች የሚታጠፉት ሁለት ክፍሎች) ፋይበርግላስ የለበሰ እንጨት ነው፤ ይህም ነውር የለበትም። (በአነጋገር ስለሚቀላቀል፦ እዚህ ቀስት የምንለው የሚወጠረውን፣ ፍላጻ የምንለው የሚወነጨፈውን ነው።)

ለውድድር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የምድቡን ሕግ ያንብብ። በዓለም አቀፉ የቀስት ፌዴሬሽን በወርልድ አርቸሪ ሕግ፣ የእንስሳት ቅርጽ በሚተኮስበት ባለ ሦስት ገጽታ ውድድር፣ ሎንግቦው (ረጅሙ፣ ክንፉ ቀጥ ያለው ቀስት) እና ትራዲሽናል ሁለት የተለያዩ ምድቦች ናቸው። በሎንግቦው አውታሩ ከጫፍና ጫፍ ማሰሪያው በቀር የቀስቱን አካል አይነካም፤ ፍላጻው የግድ እንጨት፣ ከፍላጻው ኋላ የሚለጠፈው ክንፍም የተፈጥሮ ላባ ነው። ትራዲሽናል ግን ሪከርቭን (የክንፉ ጫፍ ወደ ፊት የተቀለበሰውን ቀስት) ይቀበላል፤ ተገጣጣሚ ቢሆንም እጀታው እንጨት እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም፤ የካርቦን ፍላጻም ይፈቀዳል። እጀታው ብረት ከሆነ የሚገባው ቤርቦው በሚባለው ሌላ ምድብ ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ ተፎካካሪው ጣቱን በአውታሩ ላይ ወደ ታች እያወረደ ርቀት ይመጥናል፤ ይህ በሌሎቹ ሁለት ምድቦች ክልክል ነው። «ባህላዊ» ተብሎ የብረት እጀታ የተሸጠለት ሰው ይህን የሚያውቀው ውድድር ሜዳ ላይ ነው።

ለመጀመሪያ ቀስት የምንመርጠው ተገጣጣሚውን ሪከርቭ ነው። እጀታው የእንጨት ሆኖ ሁለቱ ክንፎች በብሎን ይታሰራሉ፤ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ 62 ኢንች ነው። ዋናው ጥቅሙ ክንፍ መቀየሩ ነው፤ በ25 ፓውንድ የመሳቢያ ኃይል ጀምሮ አካል ሲለምድ 30 ወይም 35 ክንፍ ብቻ መግዛት ይቻላል። ፍላጻው የሚያልፍበት የእጀታው ጎን እስከ መሐሉ ስለተቆረጠ፣ የፍላጻው ጥንካሬ ትንሽ ቢዛነፍም ይታገሳል። ድክመቱ ጠማማነት ነው። ጫፉ ወደ ፊት የተቀለበሰ ክንፍ በእግር መካከል ተረግጦ ሲወጠር ይጣመማል። የመወጠሪያ ገመድ ርካሽ ነው፤ አብረው ይግዙት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ፓውንዱ ላይ ነው። ክንፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚለካው በ28 ኢንች ስበት (አውታሩ ወደ ኋላ በሚሳብበት ርዝመት) ነው። የእርስዎን ስበት በግምት ለማወቅ ክንድዎን ግራና ቀኝ ዘርግተው ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ በኢንች ይለኩና ለ2.5 ያካፍሉ። 65 ኢንች የሚዘረጋ ሰው 26 ኢንች ይስባል። እያንዳንዱ ኢንች ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ስለሚለውጥ፣ 30 የተባለው ቀስት በዚህ ሰው እጅ 25 ገደማ ነው። ረጅም ክንድ ያለው ሰው ደግሞ ከተጻፈው በላይ ይሸከማል። ለጀማሪ ወንድ ከ25 እስከ 30፣ ለሴት ከ18 እስከ 24 ይበቃል። ሻጩ «45 ካልሆነ ምን ቀስት ነው» ቢል አይስሙት፤ ያለ አቅም መሳብ ትከሻ ይጎዳል፣ አውታሩም ሙሉ ስበት ላይ ሳይደርስ ይለቀቃል።

ሎንግቦው ከ66 እስከ 70 ኢንች ይረዝማል። ክብደቱ ቀላል፣ ክንፉ ቀጥ ያለ፣ የእጅን ስሕተት የሚታገስ ነው። በእኩል ፓውንድ ከሪከርቭ ዘገም ይላል፤ አውታሩ ሲለቀቅ ደግሞ ንዝረቱ እጅ ላይ ይሰማል። አብዛኛው ወጪና ድካም ፍላጻው ላይ ነው። የእንጨት ፍላጻ በጥንካሬና በክብደት ተመሳስሎ ካልተመረጠ ስድስቱ ስድስት ቦታ ይሄዳሉ፤ ከመተኮሱ በፊት እያንዳንዱን በእጅ ጎበጥ አድርጎ ስንጥቅ መፈተሽም ግዴታ ነው፤ የተሰነጠቀው ሲለቀቅ ተሰብሮ እጅ ውስጥ ይገባል። ሙሉ እንጨት የሆነ ቀስት ከመረጡ ከተኮሱ በኋላ አውታሩን ያውርዱ፤ ሙሉ ስቦ መቆየትም አይወድም።

የፈረሰኛው ቀስት ለዓይን ያምራል፣ ለመጀመር ግን ይከብዳል። ጥንታዊው ከቀንድ፣ ከእንጨትና ከጅማት የተሠራ ነበር፤ የዛሬው ርካሽ ዓይነት ቆዳ የለበሰ ፋይበርግላስ ነው። የፍላጻ ማረፊያ ስለሌለው ፍላጻው እጅ ላይ ያርፋል፤ ያለ ጓንት ላባው ጣት ይቆርጣል። ቀስቱ አጭር ስለሆነ በሦስት ጣት ሲስቡት አውታሩ ጣትን ይቆነጥጣል። የታሰበው በአውራ ጣት ቀለበት እንዲሳብ ነው፤ ያኔ ቀኝ እጁ የሚስብ ሰው ፍላጻውን በቀስቱ ቀኝ ጎን ያሳርፋል። ይህን ዘዴ መማር የማይፈልግ ሰው ይተወው።

ፍላጻ የላባ ክንፍ ያለው ይሁን፤ ፕላስቲኩ እጀታውን መትቶ ፍላጻውን ያስታል። ብዙ አምራቾች ለቀስቱ አንድ ፓውንድ ቢያንስ 8 ግሬን የፍላጻ ክብደት ይጠይቃሉ፤ ለ30 ፓውንድ ቀስት 240 ግሬን፣ ማለትም 15.5 ግራም ገደማ። ከዚያ የቀለለ ፍላጻ ቀስቱን ያለ ፍላጻ አውታር ለቅቆ እንደ መተኮስ ያህል ያናውጠዋል።

ያገለገለ ቀስት ሲገዙ አስወጥረው ከአንድ ጫፍ በዓይን ይመልከቱት፤ አውታሩ የሁለቱንም ክንፍ መሐል ካልከፈለ ጠማማ ነው። ጥፍርዎን ፋይበርግላሱ ላይ ያሂዱ፤ በርዝመት የሄደ ጭረት ሊታለፍ ይችላል፣ ክንፉን አግድም የሚቆርጠው ግን የስብራት መጀመሪያ ነው። አሮጌ ቀስት ጫፉ ካልተጠናከረ ከዳክሮን (ትንሽ የሚለጠጥ የፖሊስተር ክር) ሌላ አውታር አይታሰርለትም፤ የማይለጠጥ ዘመናዊ አውታር ጫፉን ይሰነጥቀዋል።