የአይሶቶፕ ማስ ስፔክትሮሜትር ለምራቅና ለሽንት ናሙና፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ማሽኑ የአንድ ንጥረ ነገር ቀላልና ከባድ አተሞችን (አይሶቶፖችን) በክብደት ለይቶ ይለካል። የዋለው የሰውነትን ውሃ መጠን በዲዩቴሪየም (ከባድ ሃይድሮጅን)፣ የዕለት የኃይል ፍጆታን ደግሞ በዲዩቴሪየምና በኦክስጅን 18 (ከባድ ኦክስጅን) ለመለካት ነው፤ ሰውየው እነዚህን የያዘ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ በምራቁ ወይም በሽንቱ ውስጥ ያላቸው መጠን ይነበባል። ማሽኑ ራሱ እምብዛም አያስቸግርም። ውጤት የሚያበላሸው ናሙናው መርፌው ጋ ከመድረሱ በፊት ያለው ሥራ ነው።

ግማሽ ሚሊ ሊትር ናሙና 12 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። የፕላቲኒየም ዘንግ ይጨመርና አየሩ ወጥቶ በሂሊየም የተቀላቀለ ሃይድሮጅን ይሞላል። ፕላቲኒየሙ የውሃውንና የጋዙን ዲዩቴሪየም ያለዋውጣል። ለንጹህ ውሃ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ምራቅና ሽንት ግን ቢያድሩ ይሻላል።

እዚህ ላይ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። አንድ ዲግሪ ልዩነት የዲዩቴሪየሙን ንባብ ወደ 6 ፐር ሚል (ከሺህ 6 እጅ) ያንቀሳቅሰዋል፤ ለኦክስጅን 18 ግን 0.2 ገደማ ብቻ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 3.5 ግራም ከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ ዲዩቴሪየም የሆነ ውሃ) ቢጠጣ ንባቡ ከመነሻው በ480 ፐር ሚል ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጠርሙሶቹ የሚደረደሩበት ትሪ ጥግ ከመሃሉ በአንድ ዲግሪ ቢበርድ ግማሽ ሊትር ያህል የሰውነት ውሃ ይሳሳታል። መፍትሔው ስታንዳርዶቹን (መጠናቸው አስቀድሞ የታወቀ ማነጻጸሪያ ውሃዎችን) በአንድ ረድፍ ከመደርደር ይልቅ ጥግም መሃልም ማስቀመጥ ነው።

ዘንጉ ላይ ቆጣቢ መሆን አያዋጣም። የሽንት ድኝ ፕላቲኒየሙን ይመርዘዋል፤ የምራቅ ልጋግ ይለጠፍበታል። ምልክቱ የአንድ ናሙና ድግግሞሾች አለመስማማታቸው ነው። ሽንቱን በከሰል ማጣራት፣ ምራቁን በሴንትሪፉጅ ማዞር ዕድሜውን ያረዝመዋል።

በማሽኑ ውስጥ ሦስት ሃይድሮጅን የተጣበቁበት አዮን ስለሚፈጠር ክብደት 3 ላይ የውሸት ዲዩቴሪየም ይታያል። ማረሚያው ቁጥር በየቀኑ ጠዋት ይለካል። በራሱ መለኪያ ከ10 ፒፒኤም በናኖአምፔር በታች ቢሆን መልካም ነው፤ ከማነሱ ይልቅ አለመዋዠቁ ይበልጣል። ፊላመንት (ጋዙን አዮን ለማድረግ የሚግለው ሽቦ) ከተቀየረ በኋላ እስኪረጋ አንድ ቀን መታገሥ ነው።

መብራት ሲጠፋ ቫኪዩሙ ይወድቃል፣ እርጥበትም ይገባል። ክብደት 18 (የውሃ ንባብ) እስኪወርድ ድረስ ናሙና አይጫንም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ከሌለ ማሽኑን ባይገዙት ይመረጣል። ሊክ (አየር የሚያስገባ ክፍተት) ከተጠረጠረ መጋጠሚያዎቹ ላይ አርጎን እየነፉ ክብደት 40ን (የአርጎን ንባብን) ማየት ከሳሙና አረፋ ይበልጣል፤ ንባቡ የዘለለበት መጋጠሚያ ተገኘ ማለት ነው።

ናሙናው በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ቱቦው እስከ አፉ አይሞላም። ክዳኑ ከላላ ቀላሉ ውሃ ቀድሞ ይተናል፣ ንባቡም ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ይህን ደግሞ ማንም ሶፍትዌር አያርመውም።

የሰውነት ውሃ ብቻ ለመለካት ግን በኢንፍራሬድ የሚሠራው ኤፍቲአይአር ይበቃል፤ ርካሽም ቀላልም ነው፤ የሚጠጣው ከባድ ውሃ መጠን በአሥር እጥፍ ገደማ ቢበልጥም ዲዩቴሪየም ውድ አይደለም። ኦክስጅን 18 ሲጨመር ነው ይህ ማሽን ወጪውን የሚመልሰው፤ ኤፍቲአይአር እሱን አይለካምና።