የ15 ሜትር ኤችዲኤምአይ ገመድ፦ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውና ውስጡ የተገኘው

ይህ ግምገማ ከመርካቶ ገዝቼ ለሁለት ወር ያህል የተጠቀምኩበትን፣ ማሸጊያው ላይ «2.1፣ 4ኬ፣ ወርቅ ቅብ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የ15 ሜትር ኤችዲኤምአይ ገመድ (ምስልና ድምፅን አብሮ የሚያስተላልፍ) ይመለከታል። የዘረጋሁት በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ነው፤ ከኋላ ክፍል ካለው አምፕሊፋየር ተነሥቶ፣ በግድግዳ ቱቦ አልፎ፣ መድረኩ ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ይደርሳል። ሻጩ «ጋሼ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፤ ወርቅ ስለሆነ ምስሉን ያጠራዋል» ብሎኝ ነበር።

ወርቅ ቅቡ ጫፉን ከዝገት ይጠብቀዋል እንጂ ምስል አያጠራም። ይህ አባባል ለብዙ ገዢዎች ትርፍ ወጪ ምክንያት ስለሚሆን በግልጽ መነገር አለበት። በቀድሞው ቀይ፣ ቢጫና ነጭ ገመድ ምስሉ የሚጓዘው በቢጫው ላይ ከፍና ዝቅ በሚል ቮልቴጅ ስለነበረ፣ የገመዱ ድክመት በስክሪኑ ላይ እንደ ጭጋግ ይታይ ነበር። በኤችዲኤምአይ የሚያልፉት ግን አንድና ዜሮ ናቸው፤ በትክክል ከደረሱ የርካሹም የውዱም ገመድ ምስል አንድ ነው፤ ካልደረሱ ደግሞ ምስሉ አይደበዝዝም፣ ነጫጭ ነጠብጣቦች ብልጭ ድርግም ይሉበታል፣ ሲብስም ስክሪኑ ይጨልማል።

የገጠመኝም ይኸው ነበር። በ1080ፒ (ሙሉ ኤችዲ በሚባለው የምስል ጥራት)፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ሳሠራው ገመዱ ሙሉ ቀን ያለ እንከን ዋለ። የምስል ነጥቦቹ አራት እጥፍ ወደሆኑበት 4ኬ፣ 60 ፍሬም ስቀይረው ግን ነጠብጣቦቹ ወዲያው መጡ፤ በየጥቂት ደቂቃውም ስክሪኑ እየጠፋ ይመለስ ጀመር። ምክንያቱ የሚታወቅ ነው፤ የመጀመሪያው በሰከንድ 4.46 ጊጋቢት (ቢሊዮን አንድና ዜሮ) ያህል ሲፈልግ ሁለተኛው 17.82 ጊጋቢት ይፈልጋል። ሲግናሉ በፈጠነ መጠን በሽቦው ርዝመት ላይ የሚደርስበት መድከም ይበረታል፤ ስለዚህ በ2 ሜትር ላይ የማይታወቅ ጉድለት በ15 ሜትር ላይ ራሱን ይገልጣል።

ገመዱን ከቱቦው አውጥቼ አንደኛውን ጫፍ ከፈትኩት። የኤችዲኤምአይ ጫፍ ሽቦዎቹ የሚበየዱባቸው 19 ፒኖች (የብረት መገናኛዎች) አሉት። ከ1 እስከ 12 ያሉት በአራት ቡድን የተከፈሉ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎችና አንድ መከለያ አለው። ሦስቱ ቡድኖች ምስሉንና ድምፁን ይሸከማሉ፣ አራተኛው የጊዜ መለኪያውን ይወስዳል፤ በኤችዲኤምአይ ሥሪት 2.1 ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ግን አራተኛውም መረጃ ስለሚጭን አራቱ እያንዳንዳቸው 12፣ በድምሩ 48 ጊጋቢት ይደርሳሉ። ሽቦዎቹ የሚጠማዘዙት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፣ ተቀባዩም የሚያነበው ልዩነታቸውን ብቻ ነው፤ ከውጭ የሚገባ ረብሻ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካቸው በልዩነቱ ውስጥ ይጠፋል። እኔ በከፈትኩት ገመድ ግን የአራቱ ጥንዶች ጥምዘዛ በየቦታው የላላ ነበር፤ በአንደኛው ጥንድ ላይ ያለው የአሉሚኒየም ፎይልም ከጫፉ አራት ጣት ያህል ርቆ ተቋርጧል።

ከዚህ ይልቅ ያሳዘነኝ ፒን 14 ነው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚመለሰው በእሱ ሲሆን፣ በዚህ ጫፍ ላይ ግን ምንም ሽቦ አልተበየደበትም። ለሁለት ወር የአምፕሊፋየሩን ሴቲንግ ስቀያይር የከረምኩት በሌለ ሽቦ ላይ ነበር። ሻጩ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ አምራቹ ግን ያውቃል፣ ማሸጊያው ላይም ሊጽፈው ይገባ ነበር።

ከአሮጌ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት ሳስጠጋ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ተነሥተው ተለጠፉበት። መዳብ በማግኔት አይሳብም፤ ስለዚህ ውስጣቸው ብረት፣ ላያቸው ብቻ መዳብ ነው። በፒን 18 የሚሄደው 5 ቮልትና ቴሌቪዥኑ ምን ዓይነት ምስል መቀበል እንደሚችል የሚጠየቅባቸው ፒን 15 እና 16 በእንዲህ ያለ ሽቦ ሲዘረጉ፣ ርዝመቱ ተጨምሮበት ብዙ ይደክማሉ። ጠዋት ጠዋት አምፕሊፋየሩ ቴሌቪዥኑን «አላገኘሁም» ይል የነበረው በዚህ ይመስለኛል።

የዚሁ አምራች 1.5 ሜትር ገመድ ግን በ4ኬ፣ 60 ፍሬም ላይ ችግር አላሳየኝም። ሪሲቨርን ከቴሌቪዥን ለማገናኘት የሚፈልግ ሰው፣ የድምፅ መመለሻውን እስካልፈለገ ድረስ፣ ያለ ሥጋት ሊገዛው ይችላል። የ15 ሜትሩን ግን ከ1080ፒ በላይ ለሚሠራ ሰው አልመክርም። ማሸጊያው ላይ «2.1» የሚል ቁጥር ማየትም ዋስትና አይደለም፤ ገመድ የሚመደበው በደረጃው ስም ነው፣ 48 ጊጋቢት የሚያልፍበት «አልትራ ሃይ ስፒድ» የተባለው ደረጃም በስልክ የሚነበብ የማረጋገጫ ምልክት ማሸጊያው ላይ ይለጠፍበታል።

በቦታው ያስገባሁት ፋይበር ኦፕቲክ ያለበትን ኤችዲኤምአይ ገመድ ሲሆን፣ ዋጋው ከፊተኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በሁለቱ ጫፎች ውስጥ ኤሌክትሪኩን ወደ ብርሃን፣ ብርሃኑንም ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ክፍሎች ስላሉት አቅጣጫ አለው፤ «ሶርስ» የሚለው ጫፍ አምፕሊፋየሩ ላይ፣ «ዲስፕሌይ» የሚለው ቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት አለበት። ቱቦ ውስጥ ከመሳባችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ፤ ጥግ ላይም አጥብቃችሁ አትጠፉት። በአዳራሹ ውስጥ 4ኬ፣ 60 ፍሬም እስካሁን አልተቋረጠም፣ የቴሌቪዥኑ ድምፅም በመጀመሪያው ቀን በአምፕሊፋየሩ ተሰማ።