የፒኤችዲ ስኮላርሺፕ «እናስጨርሳለን» ለሚሏችሁ ገንዘባችሁንም ስማችሁንም አትስጡ

የድሬና የሐረር ልጆች፣ በተለይ ማስተርሳችሁን ጨርሳችሁ ውጭ ወጥታችሁ ፒኤችዲ ለመማር የምታስቡ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። «ፉል ስኮላርሺፕ፣ መቶ ፐርሰንት የተረጋገጠ፣ አይልትስ አያስፈልግም» የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራሙን ሞልቶታል (አይልትስ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ነው)። ከዚራና ሳቢያን ግድግዳ ላይም ተለጥፎ አይቻለሁ። ከእንዲህ ዓይነቱ ቢሮ ጋር የተዋዋለች ልጅ ወረቀቶቿን አምጥታልኝ ገጽ በገጽ አንብቤዋለሁ። ውሉ መጥፎ ነው። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፣ የባሰው ግን በስማችሁ የሚሠራው ሥራ ነው።

እዚህ አካባቢ ካሉ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ አስተምራለሁ። ነገሩን ያወቅኩት ኔዘርላንድስ ያለ አንድ ፕሮፌሰር ኢሜይል ሲጽፍልኝ ነው። የላክሁለት የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ጥያቄ እንዳለው ይናገራል። እኔ ምንም አልላክሁም። እስቲ መልሰህ ላክልኝ አልኩት፣ ላከልኝ። ስሜ አለበት፣ የትምህርት ክፍሉ ማኅተም አለበት፣ የእኔ ያልሆነ ፊርማ አለበት። የመጣውም በስሜ ከተከፈተ ጂሜይል ነው። በጣም የተናደድኩት ግን ደብዳቤው የሚያሞግሳትን ልጅ ሳይ ነው። የራሴ ተማሪ የነበረች፣ እውነትም ጎበዝ ልጅ ናት። ብትጠይቀኝ ከዚያ የተሻለ ደብዳቤ በነፃ እጽፍላት ነበር።

ደወልኩላት። «መምህር፣ ስለ ደብዳቤው የማውቀው ነገር የለም፣ አንቺ ምንም አትድከሚ ሁሉንም እኛ እንጨርሳለን ብለውኝ ነው» አለችኝ። 40 ሺህ ብር ቀብድ ከፍላለች። ቀሪው ቪዛ ሲመታ ይከፈላል ተብሏል። ብሩ የገባው በቴሌብር፣ በአንድ ግለሰብ ስልክ ነው። ደረሰኝ የለም። ውሉ ሁለት ገጽ ሲሆን «የማማከር አገልግሎት» ይላል፤ ታች በትንሽ ፊደል ደግሞ የተከፈለ ገንዘብ በማንኛውም ምክንያት ተመላሽ እንደማይሆን ተጽፏል። ኦሪጅናል ዲግሪዋን ሳይቀር እነሱ ጋ አስቀምጠውባታል። ለማመልከት ኦሪጅናል ዲግሪ የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ እምብዛም የለም አቦ፣ ስካን ነው የሚላከው! ኮስት ሼሪንግ ተከፍሎበት በስንት ምልልስ የወጣ ወረቀት ለማንም ቢሮ መያዣ መሆን የለበትም።

ፕሮፖዛሉን ከፈትኩት። ርዕሱ በምሥራቅ ሐረርጌ ስለ ፍየል እርባታ ነው ይላል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ የጥናቱ ቦታ ካኖ ሆኗል። ካኖ፣ ናይጄሪያ። የዝናቡ መጠን የካኖ ነው፣ አፈሩ የካኖ ነው፣ የገበያው ስም የካኖ ነው። የአንድ የሌላ ሰው ጽሑፍ ወስደው ርዕሱን ብቻ ቀይረውለታል። ይቺ ልጅ ለማስተርሷ ባቢሌ ወርዳ በፀሐይ ከፍየል ሻጮች ጋር ቁማ የሰበሰበችው የራሷ ዳታ አላት፣ ከዚያ ውስጥ አንድ መስመር አልገባም። አሁን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጽሑፍ ከሌላ ቦታ መቀዳቱን የሚለይ ሶፍትዌር አላቸው። እዚያ ላይ ስሟ ከተያዘ «ደላላ ነው የጻፈልኝ» ማለት አያድናትም። ማመልከቻው ላይ የምትፈርመው እሷ ናት።

ኢሜይሉንም የከፈቱላት እነሱ ናቸው፣ ፓስወርዱም እነሱ ጋ ነበር። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሰጧት። አብረን ገብተን ስናይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ለማይገናኙ ሰዎች ሁሉ ተበትኗል፣ ለእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር፣ ለኬሚስትሪ ፕሮፌሰር፣ ለሕግ ፕሮፌሰር ሳይቀር። «ውድ ፕሮፌሰር፣ ሥራዎን በጥልቅ አደንቃለሁ» ይላል፣ የትኛውን ሥራ እንደሆነ አይናገርም። በመሀል ግን አንዲት የቤልጂየም ፕሮፌሰር መልሳላት ነበር። ርዕሱ ደስ እንዳላት ጽፋ የማስተርስ ጽሑፏን እንድትልክላት ጠይቃታለች። መልእክቱ ተከፍቷል፣ ማንም አልመለሰም። እንዲህ ያለ መልስ ስንት ሰው በዓመት አንዴ አያገኝም! ልጅቱ አሁን በራሷ ኢሜይል የሆነውን ሁሉ ዘርዝራ፣ ጽሑፏን አያይዛ ለሴትዮዋ ጽፋላታለች። ምን እንደሚመጣ እናያለን።

ውሉ ላይ «የምናመለክትባቸው» ተብለው የተዘረዘሩትን ስኮላርሺፖች ደግሞ እዩልኝ። አንደኛው ኮመንዌልዝ ነው፣ በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበሩ አገሮች ማኅበር። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ሩዋንዳ በ2009፣ ጋቦንና ቶጎ በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገብተዋል፣ እኛ የለንበትም፣ ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ በዜግነቱ ለዚያ ፒኤችዲ ማመልከት አይችልም። ሌላው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቺቭኒንግ ነው። ቺቭኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፣ ፒኤችዲ አይከፍልም። ሦስተኛው የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንደስ ነው፣ እሱም ዛሬ የማስተርስ ነው። ማስተርስ ላላት ልጅ፣ ፒኤችዲ ብላ ለመጣች፣ ይህን ሸጡላት። አላወቁም እንዳልል ሥራችን ነው ብለው ቢሮ ከፍተዋል።

የሚሸጡትን ነገር አንድ በአንድ ብታዩት አብዛኛው ነፃ ነው። የጀርመኑ ዳአድ (DAAD) ስኮላርሺፕ ማመልከቻ አያስከፍልም። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ አያስከፍልም፣ ብዙ ጊዜ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ በራሱ ድረ ገጽ ይከፈታል። የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ሜክስት (MEXT) በኤምባሲ በኩል ነው፣ ነፃ ነው። የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ለፒኤችዲ ዕድሜያችሁ ከ40 በታች እንዲሆን ይጠይቃል፣ ትምህርቱንና ማደሪያውን ችሎ በወር 3,500 ዩዋን ይሰጣል፣ ቅጹን የምትሞሉት ራሳችሁ ናችሁ። «አይልትስ አያስፈልግም» የሚሉት ምስጢርም ምስጢር አይደለም። በእንግሊዝኛ መማራችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። እሱን ደግሞ የተማራችሁበት ሬጅስትራር ይሰጣችኋል።

ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክ ደግሞ ነገሩ ከነጭራሹ ሌላ ነው። እዚያ ፒኤችዲ በአብዛኛው የሥራ ቅጥር ነው። ዩኒቨርሲቲው ክፍት የሥራ ቦታ ብሎ ያወጣል፣ እናንተ ትወዳደራላችሁ፣ ካለፋችሁ ደመወዝ ይከፈላችኋል። የአውሮፓ ኅብረቱ የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ፕሮግራምም እንደዚያው ነው። ማስታወቂያዎቹ ዩራክሰስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ሆነው ይወጣሉ። የዕድሜ ገደብ የለውም። ዋናው መስፈርት ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ልትሄዱበት ባሰባችሁት አገር ከ12 ወር በላይ አለመኖር ነው። ድሬዳዋ ቁጭ ያለ ሰው ይህን ያሟላል። እንዲህ ያለውን የሥራ ውድድር «ኮታ አለን» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ዋሽቷል።

ምንም ክፍያ የለም እያልኩ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ አላቸው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ አቅም የለኝም ብሎ በወጉ ለጠየቀ ይተዋሉ፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ለትምህርት ክፍሉ ጻፉ። አንዳንድ የቻይና ዩኒቨርሲቲዎችም በዩዋን ያስከፍላሉ። ለብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚቀበለው ዩኒ አሲስት ክፍያው ለመጀመሪያው ምርጫ 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ዩሮ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚከፈሉት ለተቋሙ በተቋሙ ድረ ገጽ ነው። እዚህ ላይ የእኛ ችግር የውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው፣ ደላላውም የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። የዶላር ካርድ ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ከፍሎላችሁ ብሩን ብትሰጡት ነውር የለውም። ከፋዩ ግን ከዩኒቨርሲቲው የመጣውን ማረጋገጫ ያሳያችሁ፣ መጠኑንም ድረ ገጹ ላይ ራሳችሁ እዩት።

ሌላው ማታለያ የመቀበያ ደብዳቤ ነው። ከአንድ የግል ዩኒቨርሲቲ «ተቀብለናችኋል» የሚል ወረቀት ያመጣሉ፣ ቤተሰብ እልል ይላል፣ ቀሪው ብር ይጠየቃል። አድሚሽን ስኮላርሺፕ አይደለም። ወረቀቱን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። የትምህርት ክፍያውን ማን ይችላል? የወር ወጪ ስንት ይሰጣል? ለስንት ዓመት? «50 በመቶ ስኮላርሺፕ» ካለ ግማሹን እናንተ ትከፍላላችሁ ማለት ነው፣ በዩሮ ወይም በዶላር፣ በየዓመቱ። የወር ገንዘብ ካልተጻፈ ደግሞ የለም።

ማጣደፋቸውንም ልብ በሉ። ልጅቱን «በ48 ሰዓት ካልከፈልሽ ቦታው ያልፍሻል» ብለዋታል። እውነተኛ ተቋም እንዲህ አያደርግም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች በጋራ የፈረሙት ስምምነት አለ። በእሱ መሠረት የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ገደማ፣ አስቦ እንዲመልስ ጊዜ ይሰጠዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ ለምትሉ፣ ከባዱ ሥራ ሁለት ነው። ርዕስና አማካሪ። ርዕሱ የራሳችሁ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ኢንተርቪው ላይ ስለ እሱ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። አማካሪ ስትፈልጉ የሰውየውን የቅርብ ጊዜ አንድ ጽሑፍ አውርዳችሁ አንብቡ፣ ከዚያ አጭር ኢሜይል ጻፉ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ከጽሑፉ የትኛው ነጥብ ከሥራችሁ ጋር እንደሚገናኝ፣ ምን መመርመር እንደምትፈልጉ። ሲቪና አንድ ሁለት ገጽ ሐሳብ አያይዙ። ለጥቂት ሰው በደንብ የተጻፈ ኢሜይል ለመቶ ሰው ከተበተነ ይሻላል። ከሐረማያም ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ወጥተው አሁን ውጭ ፒኤችዲ የሚማሩ ልጆች አሉ፣ ፈልጋችሁ ጻፉላቸው፣ የተሳካለትን ማመልከቻቸውን የሚያሳዩ ደግ ልጆች ናቸው። የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ ከመምህራችሁ ጠይቁ፣ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት። ይሉኝታ ይዟችሁ መምህር እንዳናስቸግር ብላችሁ ለደላላ አትክፈሉ። ደብዳቤ መጻፍ ሥራችን ነው።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ የምታደርጉት ይህ ነው። የኢሜይሉንና የማመልከቻውን ፓስወርድ ተቀብላችሁ ቀይሩ፣ የማገገሚያ ስልክ ቁጥሩም የእናንተ ይሁን፣ አለዚያ መልሰው ይገቡበታል። የተላከውን ሁሉ አንብቡ። የሐሰት ደብዳቤ ወይም የሰው ፕሮፖዛል ከተላከ ማመልከቻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ አንሱ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ደርሰውበት ከሚጥሉት ይሻላል። ኦሪጅናላችሁን ሰው ይዛችሁ ሄዳችሁ ተቀበሉ፣ እምቢ ካሉ ለፖሊስ አመልክቱ። የቴሌብር መልእክቱን፣ የቴሌግራም ወሬውን፣ ማስታወቂያውን ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል፣ ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥም ያስገድዳል፤ ስለዚህ ማስረጃውን ይዛችሁ ንግድ ቢሮ ሄዳችሁ በጽሑፍ አቤት በሉ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ በዚያው ቢሮ የከፈሉ ሌሎች ልጆችን አግኝታችሁ አብራችሁ ግቡ።