ለሦስት ሰው ልዑክ ትጥቅ ማሰፋት፦ የስታዲየም ዙሪያ ሱቆች ምን ያህል ያስተማምናሉ?

አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ትጥቅ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ ማልያ ለማሠራት የጠየቀ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ስንት ፍሬ ነው?» የሚል ነው። ለእግር ኳስ ቡድን መልሱ አያስቸግርም፤ ሃያ ወይም ሠላሳ ይባላል። «ሁለት» ያለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ንግግሩ እዚያው ይቋረጥበታል። በዓለም አቀፍ የስፖርት መድረክ ደግሞ ሁለትና ሦስት ሰው ይዞ የሚሄድ ልዑክ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ቤሊዝ፣ ሊክተንስታይን፣ ናውሩና ሶማሊያ ያሰለፉት አንድ አንድ አትሌት ብቻ ነበር። እኛም በሩጫ ትልቅ ብንሆን በሌላው ስፖርት ትንሽ ነን፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች ኢትዮጵያን የወከለው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪው ሮቤል ተክለማርያም ብቻውን ነበር።

ትልልቆቹ አገሮች ከታወቁ ኩባንያዎች ጋር ተዋውለው ትጥቃቸው በካርቶን ተሞልቶ ይመጣላቸዋል። ትንሹ ልዑክ፣ አነስተኛ ፌዴሬሽን፣ ሁለት ዋናተኛ ወይም አንድ ብስክሌተኛ የሚልክ ቡድን ግን ትጥቁን ራሱ ማሠራት አለበት። አዲስ አበባ መሀል ላይ ለዚህ የሚኬደው ከስታዲየም እስከ ለገሃርና ሜክሲኮ ድረስ ወዳሉት ሱቆች ነው። ሥራቸው ሲመዘን እንዲህ ነው፦ ቱታና ቲሸርት በደንብ ይሠራሉ። የመወዳደሪያ ማልያ ደንቡን የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ከቆመ ያምርላቸዋል። የስፓይክ ጫማ (ሶሉ ላይ ጥርስ ያለው የሩጫ ጫማ) ግን ለዓለም አቀፍ ውድድር ከዚያ ባይገዛ ይመረጣል።

ከፍሬ ብዛቱ እንጀምር። «ከአሥር፣ ከአሥራ ሁለት በታች አንሠራም» ማለታቸው ደንበኛ ለመናቅ አይደለም። ቆራጩ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ደራርቦ ዘርግቶ ባንዴ ነው የሚቆርጠው፤ ሁለትም ይሁን ሃያ፣ ሞዴሉን ማስመርና የማሽኑን ክር መቀየር ያው አንድ ሥራ ነው። በስክሪን፣ ማለትም ቀለም በሚያሳልፍ የተወጠረ ወንፊት፣ የሚታተም ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን ይዘጋጃል። ባለ አራት ቀለም ባንዲራ አራት ስክሪን ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ ወጪ ለሠላሳ ማልያ ሲካፈል አይሰማም፤ ለሁለት ሲካፈል ግን ከማልያው ዋጋ ይበልጣል።

ስለዚህ ሲታዘዝ ሰው ሳይሆን ልብስ ይቆጠር። አንድ አትሌት፣ አንድ አሠልጣኝና አንድ የቡድን መሪ ላለው ልዑክ ለእያንዳንዱ አራት ቲሸርት ከታዘዘ አሥራ ሁለት ፍሬ ሞላ። በዚያው ጨርቅና ቀለም የልምምድ ቁምጣ ሲጨመር ሱቁ በደስታ ይቀበላል። ቱታውም ሁለት ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለመንገድና ለካምፕ፣ ሁለተኛው ታጥፎ ለሜዳሊያ የሚቀመጥ። «እኛ የት ሜዳሊያ አግኝተን» ብሎ ይህን ሁለተኛውን መተው የትንንሽ ልዑኮች የተለመደ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 2024 በአንዲት ምሽት የሴንት ሉሲያዋ ጁሊየን አልፍሬድ 100 ሜትሩን በ10.72 ሰከንድ፣ የዶሚኒካዋ ቲያ ላፎንድ ሥሉስ ዝላዩን በ15.02 ሜትር አሸንፈው ለአገሮቻቸው የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አስገኝተዋል፤ ያውም ወርቅ። መድረክ ላይ በላብ በራሰ ልብስ መቆም አይገባም።

ለጥቂት ፍሬ የሚያዋጣው የህትመት ዓይነት ዲቲኤፍ ነው። ምስሉ ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት መጭመቂያ ጨርቁ ላይ ስለሚለጠፍ ስክሪን አያስፈልገውም፤ አንድ ፍሬም ቢሆን ይሠራል። አሠራሩን ቆሞ ማየት ይጠቅማል። መጀመሪያ ጨርቁ ለብቻው አምስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ እርጥበቱ ይወጣለታል። ከዚያ ፊልሙ ተቀምጦ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ሙቀት ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይጫናል። ቀዝቅዞ የሚላጥ ፊልም ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ተጠብቆ ይላጥና እንደገና ለጥቂት ሰከንድ ይጫናል። ብዙውን ጊዜ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ወረፋ ሲበዛ ሠራተኛው ፊልሙን በትኩሱ ይልጠውና ጠርዙ ይነሳል። መብራት ሲዋዥቅም የመጭመቂያው ሙቀት ይወርዳል። የዚያን ጊዜ የታተመው ነገር ዕለቱን ደህና መስሎ ሦስተኛው እጥበት ላይ ይነቀላል። ቀላሉ መፈተኛ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ጨርቁን በሁለት እጅ ይዞ አሥር ጊዜ ያህል መሳብ ነው፤ ጥሩ ህትመት ከጨርቁ ጋር ተስቦ ይመለሳል፣ ደካማው ጠርዙ ላይ ነጭ መሥመር ያወጣል። የተለጠፈበት ልብስ 24 ሰዓት ሳይሞላው አይታጠብ፤ ሲታጠብም ተገልብጦ በቀዝቃዛ ውኃ ይሁን።

ለመወዳደሪያ ማልያ ግን ሰብሊሜሽን ይበልጣል። ቀለሙ ከ190 እስከ 200 ዲግሪ ሙቀት ላይ፣ ከ45 እስከ 60 ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ክሩ ውስጥ ይሰርጋል፤ ስለዚህ አይላጥም፣ ልብሱም ይተነፍሳል። ገደቡ፣ ነጭ ወይም በጣም ፈዛዛ ፖሊስተር ላይ ብቻ መሥራቱ ነው፤ ጥጥ ቀለሙን አይዝም። «ጥጥ ቅልቅል ነው፣ ግን ይሠራል» ከተባለ ቀለሙ ፈዞ እንደሚወጣ መጠበቅ ነው። ጨርቁ በካሬ ሜትር ከ140 እስከ 160 ግራም የሚመዝን ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ የሳሳው ሲረጥብ ገላ ያሳያል፤ የአትሌቲክስ ደንብ ደግሞ ልብሱ ረጥቦም ቢሆን ገላ የሚያሳይ መሆን የለበትም ይላል። ሱቅ ውስጥ ቁራጩን ውኃ ነክሮ መዳፍ ላይ መዘርጋት በቂ ነው፤ የመዳፍ መሥመር ከታየ ሌላ ጨርቅ ይምጣ። ቀይ ፖሊስተር ላይ ነጭ ጽሑፍ የሚለጠፍ ከሆነም ጥንቃቄ ያሻል፤ ሙቀቱ ሲበዛ የጨርቁ ቀይ ወደ ነጩ ይሰርግና ጽሑፉ በማግስቱ ሮዝ ሆኖ ይገኛል።

የማልያው ፊትና ጀርባ ቀለም አንድ ዓይነት ይሁን፤ ዳኞች የሚሹት ይህንን ነው። የተወዳዳሪ ቁጥር ከፊትና ከኋላ በመርፌ ቁልፍ እንደሚያዝ፣ መታጠፍም መቆረጥም እንደማይፈቀድ መርሳት አይገባም። ሱቆቹ ከእግር ኳስ ልማዳቸው ተነስተው የአገሩን ስም ደረት መሀል ላይ በትልቁ ያሳርፉታል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ስሙን ይሸፍነዋል። ስሙ ከአንገቱ በታች ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ከሥሩ ቁጥሩን የሚበቃ ባዶ ቦታ ይተውለት። በኦሊምፒክ የንግድ ማስታወቂያ ልብስ ላይ አይፈቀድም፤ የአምራቹ ምልክትም በመጠን የተገደበ ነው። ስለዚህ ሱቁ በልማድ እጅጌው ላይ የሚለጥፋትን ስልክ ቁጥርና አርማ አስቀድሞ «ይቅር» ማለት ያስፈልጋል። በታወቀ ኩባንያ አርማ አስመስሎ ማተምም ጭራሽ የማይሞከር ነው።

አሁን ወደ ባንዲራው። ዋናው የጥራት ፈተና ይህ ነው፤ ከስፌቱም ከጨርቁም በላይ። እ.ኤ.አ. በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ ሊክተንስታይንና ሄይቲ የያዙት ባንዲራ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ በዓመቱ ሊክተንስታይን በራሷ ባንዲራ ላይ ዘውድ ጨመረች። ዛሬም የቻድና የሮማኒያ ባንዲራ በዓይን አይለይም ማለት ይቻላል። የስታዲየም ዙሪያ ሱቆች አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ማተም ይችሉበታል፤ የለመዱት ግን የእኛን አግድም ባንዲራ ነው። የማሊ ባንዲራ በቁም የቆመ ነው፤ ከዘንጉ በኩል አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እያለ ይሄዳል። የጊኒው ከዘንጉ በኩል ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ነው። ሰብሊሜሽንም ሆነ ዲቲኤፍ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ታትሞ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ይስተካከላል። ኦፕሬተሩ ኮምፒውተሩ ላይ መገልበጡን ከረሳ ጽሑፍ ያለበት ህትመት ወዲያው ያጋልጠዋል፤ ባንዲራ ብቻውን ከሆነ ግን ማንም ልብ አይለውም፣ ማሊም ጊኒ ሆና ትወጣለች። አይቮሪኮስትና አየርላንድም እንደዚሁ ናቸው፤ የአንዱ መስታወት ሌላው ነው። መፍትሔው ከባንዲራው ጋር አንዲት ፊደል እንኳ አብሮ ማሳተም፣ ወይም ከመጭመቁ በፊት ፊልሙን አገላብጦ ማየት ነው።

የአገር መለያ ፊደላትም እንደዚሁ ይታዩ። ዲ ኤም ኤ ዶሚኒካ ነው፣ ዲ ኦ ኤም ዶሚኒካን ሪፐብሊክ። ኤን አይ ጂ ኒጀር ነው፣ ኤን ጂ አር ናይጄሪያ። ሠራተኛው ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ያገኘውን እንዲለጥፍ መተው አይገባም። ትልቅ አዘጋጅ እንኳ ይሳሳታል፤ ፓሪስ ላይ የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ቡድን ሊጫወት ሲል የተለቀቀው የሱዳን መዝሙር ነበር። ቀለሙን በተመለከተ፣ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚታየው አረንጓዴና ጨርቅ ላይ የሚወጣው ይለያያሉ። የቀለሙን ቁጥር በጽሑፍ ይዞ መሄድ፣ በራሱ ጨርቅ ላይ 10 ሴንቲሜትር የሚያህል ናሙና ማሳተምና ከሱቁ ወጥቶ በፀሐይ ማየት ነው። የሱቁ መብራት ቢጫውን ያሞቀዋል።

ቱታው ላይ እነዚህ ቤቶች እጃቸው የተፈታ ነው። የሚጎድላቸው የሯጭ ልክ ነው። የእግር ኳስ ሞዴላቸው ባት ላይ ይጠብና ከታች ትንሽ ዚፕ ይደረግበታል፤ ሯጭ ደግሞ ውድድር መግቢያው ላይ ስፓይኩን ሳያወልቅ ሱሪውን ማውለቅ አለበት። ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ዚፕ ይታዘዝ። ለአጭር ርቀት ሯጭ ጭኑ በሜትር ለብቻው ይለካ፤ «መካከለኛ፣ ትልቅ» ብሎ መተው አያዋጣም። በፓሪስ አትሌቲክስ ሚኒማ (የመግቢያ ውጤት) ያላሟላ አገር በልዩ ዕድል የሚገባው በ100 ሜትር፣ በ800 ሜትርና በማራቶን ነበር። የመቶ ሜትር ሯጭና የማራቶን ሯጭ ጭን በአንድ ሞዴል አይቆረጥም። ላስቲኩ በወገብ ላይ ተሰፍቶ በመሀል ሁለት መሥመር ስፌት ይጨመርበት፣ አለበለዚያ ከእጥበት በኋላ ይጠመዘዛል።

ስፓይክን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ከኅዳር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለትራክ ውድድር የሚፈቀደው የሶል ውፍረት ቢበዛ 20 ሚሊሜትር ነው፤ የጎዳና ጫማ 40 ይፈቀድለታል። የጥርሱ ብዛት ከ11 መብለጥ የለበትም፤ በመም (በትራክ) ላይ የአንዱ ርዝመት ቢበዛ 9 ሚሊሜትር ነው፣ ለከፍታ ዝላይና ለጦር ውርወራ 12። እዚህ የሚሸጡት ውስጥ ሞዴሉ የማይታወቅና አስመስለው የተሠሩ ስላሉ፣ የተፈቀዱ ጫማዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ መኖሩን ሳያረጋግጡ መግዛት አደገኛ ነው። ለልምምድ ግን ይሆናሉ፤ መለዋወጫ ጥርስና መፍቻውም እዚያው ይገኛል።

አገልግሎቱ ትሁት ነው፣ ቀጠሮ ላይ ግን ላላ ይላል። ግማሽ ቀብድ መክፈል የተለመደ ነው፤ ደረሰኙ ላይ የፍሬው ብዛት፣ የጨርቁ ዓይነት፣ የህትመቱ ዓይነትና የመረከቢያው ቀን ይጻፍ። ጨርቁና ቀለሙ ከውጭ ስለሚመጡ የተነገረ ዋጋ ለረጅም ጊዜ አይጸናም። ጊዜውን ሲያሰሉ ሥራ የሚበዛባቸውን ወቅቶች ማወቅ ይጠቅማል፦ ሰኔ ላይ የትምህርት ቤቶች መዝጊያ፣ ኅዳር ላይ ከታላቁ ሩጫ በፊት ያሉት ሳምንታት። የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 2028 ስለሚከፈት ትእዛዙ ከግንቦት ካላለፈ ከሰኔው ግርግር ያመልጣል። ለዳካሩ የወጣቶች ኦሊምፒክ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2026 ለሚጀመረው፣ የሚያዝ ሰው ደግሞ ደመራና ኢሬቻ ሲደርሱ የመስቀል አደባባይና የስታዲየም መንገዶች እንደሚዘጉ አስቦ መረከቢያውን ከዚያ በፊት ያድርግ።

ከሱቆቹ መሀል ለመምረጥ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ መጭመቂያው እዚሁ ነው ወይስ ሌላ ቦታ ይላካል? እዚሁ የሆነ ሱቅ ናሙናውን ዓይን እያየ ይሠራል፤ የሚልክ ሱቅ ስህተቱን የሚያውቀው ከሌላው ሰው ሲመለስለት ነው። ሲረከቡም የዲዛይኑን ፋይል በፍላሽ ይቀበሉ፤ በመጨረሻው ሳምንት አንድ አትሌት ቢጨመር ያንኑ ቀለም በሌላ ሱቅም ቢሆን ማሳተም የሚቻለው በእሱ ነው።