ኦንላይን ጌም ላይ ሞድ (ጌሙን የሚቀይር ተጨማሪ ፕሮግራም) የሚጠቀምን ተጫዋች ማገድ ወይስ የራሱን ሰርቨር መስጠት?

መጀመሪያ ሞዱ ምን እንደሚሠራ ይለይ። ቀለም ብቻ የሚቀይረውና ከግድግዳ ጀርባ ጠላት የሚያሳየው እኩል አይቀጡም።

ማገድ፦ ቁርጥ ያለ ነው፤ የጌም ኩባንያው ቫልቭ በቫክ (አጭበርባሪን በሚለየው ሥርዓቱ) የሚጥለው እገዳ ለምሳሌ ቋሚ ነው። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ባሕር ዳር ጌም ቤት ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ልጅ ይፈራረቃል፣ ኢንተርኔቱም የጋራ ነው። እገዳው በአይፒ (በኢንተርኔት መስመሩ አድራሻ) ወይም በማሽኑ መለያ ከሆነ ጠዋት ያጭበረበረው ወጥቶ ከሰዓት የገባው ይቀጣል። በአካውንት ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ነፃ ጌም ላይ አጭበርባሪው ወዲያው ሌላ ይከፍታል።

መለየት (የራሱን ሰርቨር መስጠት)፦ የሰርቨር ወጪ አለው፣ ተጫዋችም ይከፋፈላል። ማይንክራፍት በተባለው ጌም የጃቫ እትም ላይ ግን ደንቡን የሚያወጣው ሰርቨሩን የከፈተው ሰው ስለሆነ ጣጣው ያንሳል።

ደረጃና ሽልማት ላለው ውድድር ማገድ ይሻላል፤ አካውንቱ ከስልክ ቁጥር ጋር ይታሰር እንጂ ማሽኑ አይነካ። ለጓደኛሞች ጨዋታ መለየቱ ይበቃል።